ቀጭን ልጣጭ

እትዬ እቴናት ድንች ሲልጡ ልጣጩ አይቆረጥም፤ ከቢላዋው ላይ እየተንጠለጠለ ይረዝማል። ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገው ቢያዩት ማዶውን ያሳያል። ጥሊሊ ውስጥ በዚህ ሙያ የሚደርስባቸው የለም፤ ይህንን ራሳቸውም ያውቃሉ፤ ማወቃቸውንም አይደብቁም። አንድ ቀን እኔ ስልጥ አይተው ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱና፣ ከቅርጫቱ ውስጥ የእኔን ልጣጭ አንስተው፣ ይኸ ለአንድ ሰው ቁርስ ይሆን ነበር አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን ኩርፊያ ስለሚቀናኝ ሦስት ቀን አላናገርኳቸውም።

ቀጭን ልጣጭ ያስተማራቸው ችግር ነው። የተወለዱት ከጥሊሊ በላይ ካለው ደጋ ነው። በልጅነታቸው ተድረው፣ ተፋተው፣ ቆሰበር ከተማ ሄዱና አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ድንችና ሽንኩርት ሲልጡ ኖሩ። ባለቤቲቱ ሥራ ሲያልቅ የልጣጩን ቅርጫት እየገለበጠች ታይ ነበር አሉ፤ ወፍራም ልጣጭ የተገኘባት ሴት በማግስቱ ሥራ የላትም። ኋላ ጥሊሊ ተመልሰው አንድ አናጢ አገቡ። እሱም ልጅ ሳይወልዱለት፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ትቶላቸው ሞተ። አንደኛዋን ክፍል ከገጠር ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ያከራያሉ፤ ምግባችንንም የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ወላጆቻችን የኪራዩን ግማሽ የሚከፍሉት በድንች ነበር።

ድንች ብቻ ነበር የምንበላው ስል ሰው ያዝንልኛል። አይዘንልኝ። ጠዋት ከነልጣጩ የተቀቀለ፣ በጨውና በሚጥሚጣ። ምሳ ሽንኩርቱ ያነሰ፣ በርበሬው የበረታ ወጥ። ማታ ደግሞ ሁለት ሦስት ድንች ቀቅለው ይደቁሱና ሽሮው ውስጥ ይጨምሩታል፤ ለሁለት ሰው የተለካው ሽሮ ለአምስት ይበቃል። ጾም ሲሆን ተልባ ቆልተው ይወቅጣሉ፤ ትኩሱን ድንች በተልባው እያጠቀሱ መብላት ነው። ድንቹ የተቀቀለበትን ውሃ እንኳ አይደፉትም፤ ወጡ የሚቀጥነውም፣ የገብስ ቂጣው የሚቦካውም በእሱ ነው። ከእሳቸው ገበታ ሳልጠግብ የተነሳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። በድሃ ቤት ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

በዚያ ቤት ስለ ምግብ ክፉ አይነገርም። ይህን ሕግ እትዬ አላወጡትም፤ ከየቤታችን ይዘነው የመጣነው ነው። እናቴ ስትሸኘኝ በሰው ቤት የቀረበልሽን አመስግነሽ ብዪ ብላኛለች። ወጡ ቢሳሳ፣ ጨው ቢረሳ፣ ቂጣው ቢያር፣ እጅዎ ይባረክ ብለን እንነሳለን። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው ይባላል። እኔ ከዚያ ሰኔ ወዲህ እንዲህ የሚለኝን ሰው ቆም ብዬ ነው የማየው።

አራት ነበርን፤ እኔ ስሜነሽ፣ ሃና፣ ውብአየሁና ውዴ። አራታችንም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ነን። ፈተናው የሚሰጠው ቆሰበር ካምፓስ ውስጥ ነው፤ ተፈታኝ አንድ ቀን ቀድሞ ይገባል፤ በሩ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ለከርሞ ነው። ለእኛ ለሦስታችን ከርሞ አለ። ለውዴ ግን የለም። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አገር ቤት ሄዳ መንገድ ተዘጋባትና ትምህርቷ ተቋረጠ፤ ሳትፈተን ቀረች። አባቷ አባ ዋኘው አንድ ዓመት ጨመሩላት። ታናሽ እህቷ እንቁ ደግሞ ከተማ ወርዳ ለመማር ተራዋን እየጠበቀች ነው። ከዚያ ቤት በአንድ ጊዜ ሁለት ልጅ ከሥራ አይጎድልም። ውዴ ሳትፈተን ብትመለስ ለእሷም ለእንቁም ነገሩ አከተመ። ይህንን አራታችንም እናውቃለን፤ እትዬም ያውቃሉ።

በዚያ ሰኔ እንደገና መንገድ ተዘጋ። ለአሥር ቀን ሚኒባስ የለም፤ ኔትወርክ የለም፤ ስንቅ የሚያመጣልን ሰው የለም። አዲሱ ድንች ገና ከመሬት አልወጣም። የእትዬ ዱቄት ማሰሮ ሥሩ ታየ። ለካምፓስ ሁለት ቀን ሲቀረን አባ ዋኘው ፈረሳቸው ላይ ግማሽ ጆንያ ድንች ጭነው በእግራቸው መጡ። ጆንያውን አውርደው ከእትዬ ጋር በአገውኛ ተነጋገሩ። እኔም ቋንቋውን ስለማውቅ ሰማሁ። ከዘር የተረፈ ነው፤ ሌላ የለኝም፤ አወፍረሽ ልጪው አሏቸው። ይህን ሲሉ ወደ መሬት እያዩ ነበር። ውዴም በሩ ላይ ቆማ የጫማዋን አፍንጫ ታያለች።

የደጋ ሰው የዘር ድንች ምን እንደሆነ ያውቃል። ለዘር የተለየው ድንች በቀርቀሃ ቆጥ ላይ ተዘርግቶ ብርሃን እንዲያገኘው ይደረጋል። አረንጓዴ ይሆናል፤ ያጎነቁላል። ለመሬት መልካም ነው፤ ለአፍ አይሆንም፤ ይመራል፤ ሆድ ይነሳል። መርዙ ያለው ከቆዳው ሥር ነው። እንብላው ካሉ ወፍራም አድርገው መላጥ፣ አረንጓዴው እስኪያልቅ መገሽለጥ፣ የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ነው። ይህን ሁሉ እኛ ልጆች ሆነን ሳለ እናውቀው ነበር።

የምንሄድበት ቀን ዝናብ ነበር። ጓዳው ጨልሟል። ለተፈታኞች የተፈቀደው ሚኒባስ ከትምህርት ቤታችን ግቢ የሚነሳው በስምንት ሰዓት ስለሆነ፣ እትዬ ምሳችንን ለስድስት ሰዓት ለማድረስ ከጠዋት ጀምረው መላጥ ያዙ። እንደተባሉት አወፍረው ነው የጀመሩት። ልጣጩ ቅርጫቱን ሞላ። ድስቱ ውስጥ የገባው ግን ጥቂት ነበር፤ እያንዳንዱ ድንች እንቁላል አክሎ ቀርቷል። ቆም ብለው ቅርጫቱን አዩ፤ ድስቱን አዩ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ድንች በለመዱት እጃቸው፣ በቀጭኑ ላጡት።

አይቻለሁ። አጠገባቸው ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እትዬ፣ አባ ዋኘው ያሉትን ረሱት እንዴ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስለ ቢላዋ አያያዝ እኔ እሳቸውን ልመክር ነው? አንድ ጊዜ ስለ ልጣጭ ተናግረውኝ አኩርፌ አልነበር? ደግሞም ርቦኛል። ሽንኩርቱን መክተፌን ቀጠልኩ። ወጡ ሲንተከተክ በጭልፋ ጠብ አድርገው መዳፋቸው ላይ ቀመሱ። ፊታቸውን ቋጠሩ። ትንሽ አሰቡና በርበሬ ጨመሩ። በርበሬ አንሶት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ቀረበ። መጀመሪያ የበርበሬው ቃጠሎ መጣ፤ ከቃጠሎው ኋላ ምሬቱ። ጉሮሮ ላይ የሚቀር፣ ምላስ የሚቆነጥጥ ምሬት ነው። የገበሬ ልጅ ይህ ይጠፋዋል? ሃና መጉረሷን አዘገየች። ውብአየሁ ውሃ ጠጣች። እርስ በርስ አልተያየንም፤ ብንተያይ አንዳችን መናገራችን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ውዴ ግን ሰሃኗን አሟጣ በልታ ይጨመርልኝ አለች። ከእኛ ጋር እስከዚያ ቀን ስትበላ የኖረችው ትንሽ ነበር። ያን ዕለት ለምን እንዲያ እንደበላች ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም፤ ጆንያው የአባቷ ነበር። እትዬ እጃቸው እየዘገየ ጨመሩላት። ሁላችንም እጅዎ ይባረክ ብለን ተነሳን።

ሰባት ተኩል ላይ ሃና ሆዴን ቆረጠኝ አለች። ውብአየሁ የፈተና ፍርሃት ነው ብላ ሳቀችባት፤ ሳትቆይ ራሷ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። እኔን ራሴን አዞረኝ፤ ምራቄ በዛ። ውዴ ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብላ አስመለሳት፤ ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል። እንደገና አስመለሳት። እትዬ ከጓዳው በር ላይ ቆመው አዩዋት። ውሃ በጨውና በስኳር በጥብጠው ለአራታችንም ሰጡን። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ትንሽ ዘንቢል ይዘው ነበር። አብሬ እሄዳለሁ አሉ። ቆሰበርን ከተዉ ወዲህ የጥሊሊን ገበያ አልፈው የሄዱበትን ቀን አላውቅም።

ሚኒባሱ ዘግይቶ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖት ተነሳ። ውዴ ጭንቅላቷን እትዬ ጭን ላይ አድርጋ ተኛች። መንገዱ በጭቃ ተጨማልቋል። ሾፌሩ ለውዴ ሦስት ጊዜ ቆመላት፤ በሦስተኛው ማጉረምረም ጀመረ። ኬላ ላይ መታወቂያችንን ሲያዩ ሃያ ደቂቃ ሄደ። እኔ የስልኬን ሰዓት እያየሁ የራሴን ማቅለሽለሽ ረሳሁት። አብሮን የነበረው መምህር ይህች ልጅ ጤና ጣቢያ ብትወርድ ይሻላል አለ። እውነት ለመናገር እኔም እንደዚያ ሳይሻል አይቀርም ብዬ ነበር። ውዴ ዓይኗን ሳትገልጥ የእትዬን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች።

"አታውርዱኝ" አለች።

እትዬ መምህሩን አዩት፤ አልወረደችም።

ካምፓሱ በር ስንደርስ አሥር ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ሰልፉ ረጅም ነው። ወላጆች ከአጥሩ ማዶ ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የጥሊሊና የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ሁለት እናቶች ለመስከረም ልጆቻቸውን እትዬ ቤት ለማስገባት ተነጋግረው የጨረሱ ነበሩ። ፍተሻው ጋ ልንደርስ ስድስት ሰው ሲቀረን ውዴን እንደገና ያዛት። ሰልፉ መሀል አስመለሳት፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች ተቀመጠች። በዚያ ክረምት አተት ገብቷል የሚል ወሬ ነበር። አንዱ ቃሉን ጠራው፤ ሰልፉ ከእኛ ሸሸ።

ጥበቃው መጥቶ ውዴን ወደ ጎን አወጣት። በሺህ የሚቆጠር ልጅ አንድ ላይ የሚያድርበት ግቢ ነው፤ ይህችን ላስገባት አልችልም፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልክ ነበር፤ ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። የግቢው ነርስ ነጭ ጋውን ለብሶ መጣ፤ ወጣት ልጅ ነው። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሞላ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። ምን እንደበላች ጠየቀ።

እኔ መልስ ለመፈለግ ውብአየሁን አየኋት። ውብአየሁ መሬት አየች። እንደለመድነው ልንዋሽ ነበር፤ የእትዬን ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማን ያነሳል?

እትዬ ዘንቢላቸው ውስጥ እጃቸውን ከተቱ። ያወጡት አንድ ያልተላጠ የዘር ድንችና በእፍኝ የሚሆን ልጣጭ ነበር። ከጓዳ ሲቆዩ ቅርጫቱን አገላብጠው፣ አረንጓዴውን ከቀጭኑ ልጣጭ ላይ አይተው፣ ይዘውት መምጣታቸው ነው። ነርሱ እጅ ላይ አስቀመጡለት።

"ያበላኋት እኔ ነኝ" አሉ። "ይኸን ነው ያበላኋት።"

ነርሱ ድንቹን አገላበጠው፤ እሱም የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ምንነቱን ለማወቅ አልተቸገረም። እኛ ሦስታችንም ከዚያው ድስት እንደበላን፣ ሁላችንንም እንዳመመን ሰማ። ግን ገና አላመነም። ተማሪ ለማስገባት ሲባል በዚህ በር የማይባል ነገር እንደሌለ ነገራቸው። ድንቹን ከየትም አንስተው ሊያመጡት ይችላሉ።

"እናቴ፣ ለዚህ የሚያደርስ ድንች ይመራል" አላቸው፤ "ሳይመር አያሳምምም። ካልመረረ ሌላ በሽታ ነው፤ ሌላ በሽታ ከሆነ ደግሞ ላስገባት አልችልም። ሲሠሩት ቀምሰውታል?"

"ቀምሻለሁ።"

"መሮዎት ነበር?"

እትዬ አልመረረኝም ቢሉ ስህተት ነው፤ ሳያውቁ የደረሰ ነው፤ ሰው ይቅር ይላል። መሮኛል ካሉ ግን አውቀው መራራ ያበሉ ሴት ናቸው፤ ከእንግዲህ ልጁን ማን ይሰጣቸዋል? ከዚያች የጭቃ ቤት በስተቀር በሕይወታቸው ያላቸው ነገር ምግባቸው ጥሩ ነው መባሉ ብቻ ነበር። ጥበቃው የበሩን ሰንሰለት በእጁ ይዟል። ውዴ ከመሬት ቀና ብላ አየቻቸው።

"መሮኛል" አሉ እትዬ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር፤ አጥሩ ማዶ ያለው ሁሉ ይሰማል። "መሮኛል። መሮኝ በርበሬ ጨመርኩበት። በባዶ ሆዳቸው ልሸኛቸው አልሆነልኝም።"

ነርሱ ወደ ውዴ ዞረ።

"አንቺስ?"

ውዴ አለቀሰች። "መሮኛል" አለች። "የአባቴ ነው ብዬ ነው የበላሁት።"

ከዚያ እኔ አልኩ፤ ሃና አለች፤ ውብአየሁም አለች። ስድስት ሰዓት ላይ ከአንዳችን አፍ ቢወጣ ኖሮ ይበቃ የነበረው ቃል በአሥራ አንድ ሰዓት ከአምስታችንም አፍ ወጣ። ነርሱ ልጣጩን በወረቀት ጠቀለለና ውዴን ደግፎ አስነሳት። ጥበቃው ሰንሰለቱን ያዞረው እኛ ከገባን በኋላ ነው። ዞር ብዬ ሳይ እትዬ ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው በዝናቡ ቆመው ነበር፤ ሁለቱ የጥሊሊ እናቶች ከእሳቸው ራቅ ብለው ቆመዋል።

ውዴ በግቢው ክሊኒክ ግሉኮስ ተደርጎላት አደረች። በማግስቱ ጠዋት ከክሊኒኩ ሄዳ ተፈተነች። ውጤት ሲመጣ ከአራታችን ያለፈችው እሷ ብቻ ናት። እኔ ወደቅሁ፤ በድንቹ ላላሳብብ አሰብኩ፤ ትንሽ ግን አሳበብኩ። ለመድገም መስከረም ላይ ጥሊሊ ስመለስ የሄድኩት እትዬ ቤት ነው። ሰው ሁሉ ሌላ ቤት ፈልጊ ብሎኝ ነበር። ክፍሏ ባዶ ነበረች፤ አንድም አዲስ ተማሪ አልመጣም። እትዬ ከስተዋል። ስለዚያ ቀን አላነሳሁም፤ እሳቸው ግን አነሱ። ስልጥ አይተሽ ነበር አይደል አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሌላ ነገር አወሩ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አባ ዋኘው በፈረሳቸው መጡ። ከኋላቸው እንቁ ደብተሯን በፌስታል ይዛ ትከተላለች። ፈረሱ ላይ ያለው ጆንያ ሙሉ ነው፤ አዲስ ድንች፣ አፈሩ ገና ያልደረቀ። አባ ዋኘው ጆንያውን በሩ ላይ ፈትተው አንዱን ድንች አወጡና ለሁለት ሰንጥቀው ለእትዬ አሳዩ። ነጭ ነበር። ቆሰበር በር ላይ የተናገርሽውን ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ነው ያመጣኋት አሉ። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ያን ቀን ምሳ ቀረበ፤ ድንች ወጥ በገብስ ቂጣ። እንቁ ጎረሰች። ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ ምን ብላ እንደሸኘቻት አውቃለሁ፤ የእኔም እናት ያንኑ ብላኛለች። እትዬ ሳይበሉ አፍ አፏን ያዩዋታል። እንዴት ነው አሏት። ጥሩ ነው፣ እጅዎ ይባረክ አለች። እትዬ ሰሃኑን ከፊቷ ሳብ አደረጉት።

"እውነቱን ካልነገርሽኝ አትበዪም።"

እንቁ እኔን አየችኝ። አልረዳኋትም። ወጡን አየች፤ እትዬን አየች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

"ጨው አንሶታል" አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም።

እትዬ ተነስተው ጨው አመጡ።